ንስር የጎደለው ባንዲራ

ባለፈው ቅዳሜ ኦንላይን ያየሁትን ያገለገለ ጠረጴዛ ልወስድ ካልጋሪ ውስጥ ከኮርነርስቶን ሰፈር ተነስቼ ዋይትሆርን ሄድኩ። አድራሻውን ስልኬ ላይ ከመጫን በቀር ልብ ብዬ አላነበብኩትም። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቀና ስል ያደግኩበት አፓርትመንት ፊቴ ተገትሯል፤ ያው ቡናማ ጡብ፣ ያው ገፍተው ካልዘጉት የማይዘጋ በር። ደረጃውን ትንሽ እንደወጣሁ ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሳሌን ለቀቅኩት። ከአንዱ ቤት ውስጥ ደረቅ በርበሬ እየታመሰ ነው። ጠረጴዛውን የሚሸጠው ልጅ በሩን ሲከፍት ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጥርሴ ይስቃል። ጎረቤቴ ናት፣ ሶሪ፣ አለኝ አፍሮ። እኔ ደግሞ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ አንዴ ደህና አድርጌ ሳብኩት። እሱ ምን ያውቃል፣ ያ ሽታ እኔን ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወስዶ እንደጣለኝ።

በዚያ ዓመት ዊንተሩ መሀል ላይ እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ መጡ። አባዬን ወስደው ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ስድስት ወር ብቻ፣ ከዚያ አገሬ ብለው ስለመጡ ሻንጣቸውን እንኳን ሙሉ በሙሉ አላራገፉትም። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ግን ሰው የሚያስሮጡ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የኖሩት ጥልፍ በመጥለፍ ነው፤ የቀሚስ ጥልፍ፣ የአልጋ ልብስ፣ ወፍ ያለበት የትራስ ልብስ። እማዬ ሆስፒታል ጽዳት ላይ የማታ ሺፍት ትሠራለች፣ አባዬ ታክሲ ይነዳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍቱልኝ እማማ ሆኑ።

አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። እማማ ይህን ሰበብ አልተቀበሉም። በእንግሊዝኛ ውሃ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከጥልፋቸው አያነሱም። «እባክዎ» ብዬ በአማርኛ ስጠይቅ ግን ውሃውም ይመጣል፣ ዳቦም ይጨመርበታል። በሁለት ወር ውስጥ በጥማትና በረሃብ አማርኛ ለመድኩ ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ሠላሳ ስድስተኛው ጎዳና ላይ አንዲት ፒዛ ቤት ነበረች፤ ምልክቷ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ። በዚያ ባለፍን ቁጥር እማማ እጄን ይዘው መንገድ ይሻገሩና በማዶ በኩል ይሄዳሉ። ጾም ስለሆነ አይቡ እንዳይሸታቸው መስሎኝ በጣም አደንቃቸው ነበር።

ስለ ጣልያን ሲያወሩም የገባኝ እንዲሁ ነው። ጣልያን ገባ፣ ጣልያን አቃጠለ፣ ጣልያን ወጣ ሲሉ ጣልያን አንድ ሰውዬ ይመስለኛል፤ ረጅም፣ ፂማም፣ ክፉ። አገር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሰውዬ ለማስወጣት አምስት ዓመት እንዴት እንደፈጀበት አልገባ አለኝ። እንዳይቆጡኝ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እሳቸው ደግሞ «የውስጥ አርበኛ» ነበሩ። ጠላት በያዘው ከተማና ገበያ እየኖሩ ጫካ ላሉት ስንቅና ወሬ የሚያቀብሉትን እንደዚያ እንደሚሏቸው ኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ ግን ቤት ውስጥ ሆኖ የሚዋጋ ሰው ማለት መስሎኝ ነበር። በዚያ ብርድ እኛም ከቤት ስለማንወጣ ሁላችንንም አርበኞች አድርጌ ቆጥሬያለሁ።

ታሪካቸው አጭር ነው፤ ሲናገሩትም አያስረዝሙትም። የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከሆለታ ገበያ እስከ ጫካው ጥይት ያመላልሱ ነበር። ጥይቱን ቅል ውስጥ ያደርጉና ከላይ የተፈጨ በርበሬ ይሞሉበታል። ኬላው ላይ አንድ ዘበኛ ክዳኑን ከፍቶ ሊያሸት አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። ማስነጠስ ጀመረ፣ ማቆም አልቻለም፣ በእጁ ሂጂ ሂጂ አላቸው። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ያ ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይለቅላቸዋል። ድሉ ሲመጣ ኒሻን ተሰጣቸው። ነጭ መሐረብ ውስጥ ጠቅልለው ይዘውት ነው የመጡት።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጥልፍ ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፣ ኒሻናቸውን ያደርጋሉ፣ ከሰፈራቸው ሴት አርበኞች ጋር አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ሄደው ይቆማሉ። ጸሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ቀርተው አያውቁም። ዓምና የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዷ አርፈዋል፤ ሌላዋ፣ እትዬ ውድነሽ፣ አልጋ ላይ ናቸው። እማማ ደግሞ ይኸው ካልጋሪ ናቸው፣ የመመለሻ ቲኬታቸውም ለሰኔ ነው የተቆረጠው። «ዘንድሮ ማን ሊቆም ነው?» ይሉ ነበር፣ ቀን መቁጠሪያውን ባለፉ ቁጥር። አባዬ ሊያጽናናቸው ብሎ እቤት እናከብራለን፣ ኬክ እገዛለሁ አላቸው። እማማ ቀና ብለው አዩትና «ኬክ» አሉ። አባዬም ስለ ኬክ ደግሞ አላነሳም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ የሕንፃው ፋየር አላርም ጮኸ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር እማዬ በርበሬ ስታምስ አስጩኻው ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ የሕንፃው ማናጀር ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። እማዬ ዛሬ እኛ አይደለንም ብላ ትምላለች፤ እሱ ደግሞ አፍንጫውን ይነካል። እማማ ግን ቆም ብለው አየሩን አሸተቱና ይሄ የኛ በርበሬ አይደለም፣ የሌላ አገር ነው አሉ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሰው በሚወጣበት በር ተመልሰው ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ሽታው ከምድር ቤቱ ነበር። በሩን የከፈቱልን ነጭ ፀጉራቸውን በሁለት ጉንጉን ያወረዱ፣ የብረት መጥበሻ በእጃቸው የያዙ፣ እንደ እማማ አጭር የሆኑ ሴትዮ ናቸው። ከኋላቸው የክፍሌ ልጅ ማሪሶል ቆማለች፣ በእፍረት ቀልታ። ከሜክሲኮ ነው የመጡት። ማሪሶል «አቡኤላ» ስትላቸው ስማቸው መሰለኝ፤ እማማም እኔን ሰምተው እስከ መጨረሻው «እትዬ አቡኤላ» እንዳሏቸው ቀሩ። አያት ማለት እንደሆነ የነገረን ሰው የለም። መጥበሻው ላይ ያለው በርበሬ ትልልቅና እንደ ቆዳ የጠቆረ ነበር። እማማ አንዱን ሰነጠቁት፣ አሸተቱት፣ ፍሬውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው አላመጡና ሳል እያጣደፋቸው «ዘመድ ነው» አሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፈቱ፣ መጥበሻውን ተቀብለው እሳቱን እንዴት እንደሚቀንሱ አሳዩ። አቡኤላ አልተቆጡም፤ ወንበር ሳቡላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም ነበር። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በስፓኒሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፤ በየመሀሉ ደግሞ ይስማማሉ። አቡኤላ ያን በርበሬ ከኦቾሎኒና ከቸኮሌት ጋር ፈጭተው ሞሌ የሚባል ጥቁር ወጥ ሠርተው በዶሮ ላኩልን። ዐቢይ ጾም ነበር። እማማ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው አመስግነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት። ያ ዶሮ ፋሲካን ሲጠብቅ ከረመ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቲቸራችን ለክፍሉ አንድ ነገር ተናገረች። ሜይ አምስት ትልቅ በዓል እናከብራለን፣ ጂም ውስጥ፣ ወላጅ የሚገኝበት፤ ከአውሮፓ የመጣ ኃይለኛ ጦርን መሣሪያ የሌላቸው ድሆች ያሸነፉበት ቀን ነው፤ ማሪሶልና ቤተሰቧም የዕለቱ እንግዶቻችን ናቸው አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። የሰማሁት የእማማን ታሪክ ነበር።

ማታ አባዬን ሚያዝያ ሃያ ሰባት በዚህ አገር መቼ ነው አልኩት። ሜይ አምስት አለኝ። ሜክሲኮ ለኛ ምናችን ናት ብዬ ጠየቅኩት። ጣልያን ሲወረን ዓለም ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብን ካልከዱን ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፣ አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይም በእሷ ስም ነው አለኝ። የጠየቅኩት ሁሉ እውነተኛ መልስ ተሰጠው። በቃ፣ ገባኝ፦ ሜክሲኮዎች ወዳጆቻችን ስለሆኑ የኛን ቀን አብረውን ያከብራሉ፤ ትምህርት ቤቱም ሰምቷል። በማግስቱ ጫማዬን ሳላወልቅ እየሮጥኩ ገባሁና «እማማ፣ ስኩላችን የእርስዎን ቀን ሴሌብሬት ሊያደርግ ነው» አልኳቸው።

መርፌያቸውን አስቀመጡ። እርግጠኛ ነሽ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ማን ነገራቸው ሲሉኝ ደግሞ እኔ ብልጧ አቡኤላ ይሆናሉ አልኩ። እማማ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ውጭ በረዶው እየቀለጠ ነበር። «እዚህ ድረስ ተሰምቷል?» አሉ፣ ለራሳቸው። ተነስተው ነጩን መሐረብ ከሻንጣው አወጡ።

ለአባዬም ለእማዬም የትምህርት ቤት በዓል አለ ከማለት በቀር አልነገሯቸውም። ሰው በራሱ አፍ አይኮራም የሚሉ ሴት ናቸው። ኒሻናቸውን በጥርስ ሳሙና ወለወሉት። ቀሚሳቸውን ሁለት ጊዜ አጥበው ሦስት ጊዜ ተኮሱት። ዕቃ ሲያጥቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፉከራ እያሰናዱ ነው። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑን ለእትዬ ውድነሽ ደብዳቤ አስጽፈው ፖስታ ውስጥ አስገቡ፦ አይዞሽ፣ ዘንድሮም እቆማለሁ፣ በሰው አገር ልጆች ፊት።

ትምህርት ቤት ደግሞ ባንዲራ ቀለም እንቀባለን። ቲቸር በሦስት የተከፈለ ወረቀት አደለችን፤ ግራው አረንጓዴ፣ መሀሉ ባዶ፣ ቀኙ ቀይ። ማሪሶል እጇን አወጣችና መሀሉ ላይ ንስር አለ፣ ንስር ከሌለው የኛ ባንዲራ አይደለም አለች። ቲቸር ደግ ሰው ናት፤ ንስር ለልጆች ይከብዳል፣ ግድ የለም፣ ሰው ይረዳናል አለቻት። ማሪሶል በራሷ ወረቀት ላይ ሳለችው። ዶሮ መሰለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ማሪሶል ወረቀቷን ጨመደደችና እስከ ደወል ድረስ አንገቷን አላቀናችም። ለእንጀራ ልጅ የሚሳቅ ሳቅ ነበር የሳቅነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ አይለኝም።

ሐሙስ፣ በዓሉ ነገ ሊሆን፣ ቲቸር ካርታ ዘርግታ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገረችን። የመጣው ጦር የፈረንሳይ ነው። ሜክሲኮ የውጭ ዕዳዋን መክፈል ቢያቅታት ዕዳ ልሰበስብ ብሎ መጥቶ አገሩን ሊይዝ አለ። ፑኤብላ የምትባል ከተማ ላይ በአንድ ወጣት ጄኔራል የሚመሩ ወታደሮችና ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ቆንጨራ ብቻ የያዙ፣ መልሰው አባረሩት። እጄን አወጣሁና ጣልያንስ አልኩ። ጣልያን አልነበረም አለች። ኢትዮጵያስ አልኩ። ፈገግ ብላ ያ ሌላ ታሪክ ነው ብላ አለፈችኝ። ቀኑ የእማማ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ።

ልነግራቸው ቆርጬ ነበር ቤት የገባሁት። እማማ ግን ቀሚሱን ለብሰው፣ ኒሻኑን አድርገው፣ ሶፋው ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ተቀመጪና እዪኝ፣ ድምፄ ይሰማ እንደሆነ ንገሪኝ አሉ። ደብዳቤው ተልኳል። እትዬ ውድነሽ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙታል። ተቀመጥኩ። በደንብ ይሰማል አልኳቸው።

አርብ ጧት በረዶ ጣለ፤ ካልጋሪ ናትና ሜይ ብሎ ነገር አታውቅም። እማማ በጥልፍ ቀሚሳቸው ላይ የእማዬን ትልቅ ጃኬት ደረቡ፣ እግራቸው ላይ የአባዬን የበረዶ ቦቲ አደረጉ። አባዬና እማዬ ሥራ ላይ ስለሆኑ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘው ደስ ብሏቸው ያወራሉ። እኔ ምን እንዳወሩ አላስታውስም።

የጂሙ በር ላይ ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ኒሻኑን ወደ ፊት አደረጉ። ገብተው ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆሙ። ከአንደኛው የባስኬትቦል ቀለበት እስከ ሌላኛው በገመድ የተንጠለጠሉ ባንዲራዎች፤ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ። ከሥራቸው ልጆች የገለባ ባርኔጣ ደፍተው፣ የውሸት ፂም ለጥፈው ይሯሯጣሉ። እማማ እጄን ለቀቁት።

«የጣልያን ባንዲራ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «በዛሬ ቀን። ማን ሰቀለው?»

ፒዛ ቤቷ ያኔ ትዝ አለችኝ። መንገድ የምንሻገረው ለምን እንደሆነም ገባኝ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እንባዬ መጣና ባለኝ አማርኛ ሁሉ ተናገርኩ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት፣ እማማ። ግን የጣልያን አይደለም፣ የሜክሲኮ ነው። ቀኑም የእርስዎ አይደለም፣ የማሪሶል አገር ቀን ነው። ትናንት ነው ያወቅኩት። ልነግርዎ ፈራሁ።»

እጃቸው ወደ ኒሻኑ ሄደ፤ መርፌ ቁልፉን ሊፈቱ ነው። እኔ በሕይወቴ ከዚያ የከፋ ነገር ያየሁ አይመስለኝም።

በሩ ተከፈተና አቡኤላ ገቡ፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ፣ ብብታቸው ሥር የታጠፈ ጨርቅ። ማሪሶል ከኋላቸው አለች። አቡኤላ እማማን አዩ፣ ኒሻኑን አዩ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጠጋ ብለው ጨርቁን ከማሪሶል ጋር ዘረጉት። ያው ሦስት ቀለም ነው፤ መሀሉ ላይ ግን ቁልቋል ላይ የቆመ፣ እባብ በአፉ የያዘ ንስር አለ። በእጅ የተጠለፈ ነው።

የእማማ እጅ ኒሻኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀረብ ብለው የንስሩን ክንፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጥልፍ የሚታወቀው በጀርባው ነው ይሉ ነበር ሁልጊዜ። ክሩ ከኋላም እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር። ማን ጠለፈው ብለው በእጃቸው ጠየቁ፤ አቡኤላ ወደ ራሳቸው ጠቆሙ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነበር የመጣባቸው?»

«ፈረንሳይ።»

«በገዛ አገራቸው?»

«በገዛ አገራቸው። ዕዳ ልሰበስብ ብሎ።»

«ዕዳ ሰብሳቢ መድፍ ይዞ ይመጣል?» አሉ። «በምን መለሱት?»

«በአሮጌ ጠመንጃ። በቆንጨራም።»

ቀና ብለው ገመዱ ላይ ያሉትን ባንዲራዎች ደግመው አዩ። ታዲያ እነዚህ ለምን ባዶ ሆኑ አሉኝ። ንስሩ ይከብዳል ተብሎ ነው፣ ማሪሶል ስላው ነበር፣ ልጆቹ ሳቁባት አልኩ። አንቺም ሳቅሽ አሉኝ። እኔም ሳቅኩ አልኩ። ፊታቸው ላይ የቆየው ቁጣ ወደ ትክክለኛው ቦታው ሲሄድ አየሁት።

«የሰው ባንዲራ ግማሹ ይተዋል?» አሉ። «አውርዱት።»

ለቲቸር ተረጎምኩላት። ባንዲራው አልተጨረሰም፣ አያቴ ይውረድ እያሉ ነው አልኳት። ቲቸር ኒሻኑን አየች፣ የተጠለፈውን ንስር አየች፣ ማሪሶልን አየች፤ አንድም ቃል ሳትከራከር መሰላሉን አስመጣች። ፕሮግራሙ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። እማማ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማርከር በእጃቸው ይዘው አያውቁም፤ እንደ መርፌ ያዙት። ትራስ ላይ የሚጠልፏትን ወፍ ነው የሳሉት፤ አንድ ክንፍ፣ ሌላ ክንፍ፣ ምንቃር፣ ከዚያ የሚጠማዘዝ እባብ። አቡኤላ ከጎናቸው ተቀምጠው ቁልቋሉን ይጨምራሉ። ልጆቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰለፉ። እማማ ማሪሶልን አቁመው በኔ አስተርጓሚነት የጨመደደችው ወረቀት የት አለ አሏት፤ ከቦርሳዋ አወጣችው፣ በመዳፋቸው አስተካከሉላት፣ ያችን ዶሮ የምትመስል ንስሯን ግን አልነኳትም። እንዳለች ትሰቀል አሉ። ከሁሉም በላይ፣ መሀል ላይ ተሰቀለች።

አቡኤላ መድረክ ላይ ሲጠሩ ብቻቸውን አልወጡም። የእማማን እጅ ይዘው ወጡ። መጀመሪያ አቡኤላ በማሪሶል አስተርጓሚነት ተናገሩ። ይህ ቀን የነጻነት ቀናችን አይደለም፣ ያኛው በሴፕቴምበር ነው፤ ይህ የፑኤብላ ቀን ነው፣ የኔ ከተማ አሉ። እዚያ በየዓመቱ ሰልፍ ይወጣል፤ በባሩድ ጭስ መሀል ግማሹ ሕዝብ ገበሬ፣ ግማሹ ፈረንሳይ ሆኖ ጦርነቱን ይጫወታል። ወንድማቸው ረጅም ስለነበር ሁልጊዜ ፈረንሳይ ያደርጉታል፣ ሁልጊዜም ያለቅሳል። አዳራሹ ሳቀ። ፈረንሳይ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ከተማዋን ያዘ፣ ከአገር እስኪወጣ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ፣ ያም ሆኖ ያንን የመጀመሪያ ቀን አንረሳውም ብለው ጨረሱ። ለእማማ ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኛም አምስት ዓመት ነው አሉኝ።

ቀጥሎ ማይክራፎኑ ወደ እማማ መጣ። አልነኩትም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና አንድ እግራቸውን አስቀደሙ።

«ዘራፍ!
በርበሬ ነው ብላ፣ ጥይት ያሻገረች፣
ዘበኛ አስነጥሳ፣ ኬላ ያለፈች!»

ያ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ሴትዮ ውስጥ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰው እኔን አየኝ። በትምህርት ቤት ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ግን ሳልንተባተብ ተናገርኩ። አያቴ በኔ ዕድሜ ገደማ ሳሉ ለአገራቸው ጥይት ተሸክመዋል፣ ከበርበሬ ሥር፣ ዘበኛው አስነጠሰና አለፉ፤ የኛም ቀን ዛሬ ነው አልኩ። በማስነጠሱ ሳቁ፣ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ከዚያ ቆሙ። አቡኤላ እማማን አቅፈው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ኮራሁ። በሰው ፊት አያቴ ናቸው ያልኩት የዚያን ቀን ነው፤ በእውነቱ የአባቴ አክስት ናቸው፣ ማንም ግን እስከ ዛሬ አላረመኝም።

ከሰዓት በኋላ አቡኤላ ቤት ሞሌ በላን። በዓለ ሃምሳ ስለነበር አርብ ቢሆንም ዶሮው ተፈቀደ። እማማ ቸኮሌቱን ሲቀምሱ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ከዚያ ደገሙ። ስንወጣ እማማ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን፣ ንስሩን እሳቸው የሳሉበትን ባንዲራዬን እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። የሚቀድዱት መስሎኝ ፈራሁ። ዋሽቼዎት ነበር አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። ዋሽተሽ አይደለም፣ ቸኩለሽ ነው አሉኝ። ወረቀቱን አጥፈው ነጩ መሐረብ ውስጥ ከኒሻኑ ጋር ጠቀለሉት። በሰኔ ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ፖስታ ደረሰን። ውስጡ አንድ ፎቶና በሰው እጅ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ አለ። ፎቶው አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የተነሣ ነው። ዙሪያቸውን ሽማግሌ አርበኞች በካኪና በኒሻን ቆመዋል። ከሴቶች እማማ አስካለ ብቻቸውን ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ወረቀት ይዘዋል።

አባዬ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበልን። ደህና ነኝ፣ ውድነሽም ደህና ናት፣ ካናዳ መቆሜን ሰምታ ደስ ብሏታል ይላል። ከዚያ ለኔ የተጻፈ መስመር አለ። «አራት ሰው የጣልያን ባንዲራ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ ተቆጣኝ፤ አንዱማ ሊነጥቀኝ ነበር። ለአራቱም ንስሩን አሳየኋቸው፣ ታሪኩንም ነገርኳቸው። እሱን ሲሰሙ አራቱም አጠገቤ ቆሙ።»

ፎቶው ዛሬም አለኝ። ንስሩ በደንብ ይታያል። ከመስመሩ የወጣው አረንጓዴ የኔ ነው።